በጨዋታ ውስጥ የተላከ ወርቅ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች ስድስት ነን። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ጎንደርም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

የመጀመሪያዋ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የማትሪክ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባት ቀርቶ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋለች። ከዚያ በኋላ ነው አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዝተን የጽሕፈትና የማሠልጠኛ ክፍል የከፈትንላት። እንጀራዋ ያ ክፍል ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

ሁለተኛው ሐጂ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጎንደር ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ቤተሰብ ሰው። ከአራቱ ኮምፒውተሮች ሁለቱን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ክፍሉም ከመጋዘናቸው ተከፍሎ የተሰጠን ነው። በዐሥር ዓመት ይበልጡኛል። እኔ የወገራ ገጠር ልጅ ስለሆንኩና ሬዲዮ ስለምጠግን «አያ ሬዲዮ» ይሉኛል። በእኛ ገጠር አያ የሚባለው ታላቅ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ለቀልድ ነበር የሚሉት።

ሦስተኛው የሐጂ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ የአባቱን ሱቅ የሚጠብቅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አራተኛው ዲያቆኑ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ነው፤ ኮምፒውተር ከልጄ ተምሮ የአጥቢያውን ደብዳቤና የተዝካር መጥሪያ እየጻፈ ይኖር ነበር። አምስተኛው የሂሳብ መምህር ነው፤ አዘዞ ከወንድሙ ጋር የሚኖር፣ እሑድ እሑድ የፈተና ወረቀት ሊጽፍ ወደ እኛ የሚመጣ ዝምተኛ ሰው።

ስድስተኛው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ደግሞ የተበላሹትን እየፈታሁ፣ የፈታሁትንም መልሼ መግጠም እያቃተኝ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ሁለት ጠባይ ያወጣል። ሰው የነገረውን ሳያጣራ አያምንም፤ ያጣራውን ደግሞ ለሰው ሁሉ ካልመከረ አያርፍም። ሁለቱም አሉብኝ።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። እሑድ ሠልጣኝ ስለማይመጣ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ዝግ መሆን ነበረበት። አንድ እሑድ በዚያ ሳልፍ ሳቅ ሰማሁ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ልጄ፣ የሐጂ ልጅና ዲያቆኑ በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ በአራተኛው ላይ ፈተናውን ይጽፋል። በሦስቱ መስታወት ላይ ፈረሰኛ ይሮጣል፣ ቤት ይቃጠላል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ጨዋታ ነው አባባ» አለች ልጄ።

«ሰው እየሞተ ነው።»

«የሞተው የእኛ አይደለም» አለ ዲያቆኑ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ልጄ አስረዳችኝ። ዘመኑ የጦርና የጋሻ፣ የግንብና የፈረስ ዘመን ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ገበሬ ይሰጠዋል። ገበሬው እንጨት ይቆርጣል፣ ያርሳል፣ ወርቅና ድንጋይ ይቆፍራል። በተሰበሰበው ቤት ይሠራል፣ ግንብ ይገነባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወታደር የሚጠራው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ተራ መጠበቅ የለም። ያንቀላፋ ይወረራል። ኮምፒውተሮቹ በሽቦ ስለተያያዙ ሦስቱ በአንድ ወገን ሆነው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያዘው ጠላት ጋር ይዋጋሉ።

«ወታደር ከመጥራትህ በፊት ገበሬህን ማብላት አለብህ» አለችኝ። «ያለዚያ ጦሩ ባዶ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አገር ያስተዳደሩ ሰዎች ሳይቀሩ ያላወቁት ነገር ነው። ግን ደስታዬን አላሳየሁም። ጊዜ የማይመለስ ሀብት መሆኑን፣ ሦስት ወጣት በሥዕል ገበሬ ከመጠመድ ራሱ ቢያርስ እንደሚሻል መክሬ ወጣሁ። ስወጣ ዲያቆኑ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ መከሩን ሰብስበን እንዘጋለን» አለ። የሐጂ ልጅ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ታየኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ወንበር ስቤ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ነገር ሳላጣራ አላልፍም። ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። ልጄ ገና ሦስት ጎጆ ሳይኖራት ግንብ ትጀምራለች። የሐጂ ልጅ ገበያ ያቆማል፤ እህል ሲረክስ ይገዛል፣ ድንጋይ ሲወደድ ይሸጣል፣ በትርፉም ሌሎቹን ይረዳል። ዲያቆኑ መነኮሳት ያሰማራል። በዚያ ጨዋታ መነኩሴ እጁን ዘርግቶ ሲያዜም የጠላት ወታደር ልቡ ተለውጦ ወደ እርሱ ወገን ይገባል።

«ይሄ ሰባኪ እንጂ ተዋጊ አይደለም» አለ የሐጂ ልጅ።

«አንተ ሰይፍ ግዛ። እኔ ባለሰይፉን እወስደዋለሁ» አለው ዲያቆኑ።

ያን ጊዜ ከልጄ ኮምፒውተር አንድ ድምፅ መጣ፤ በመስታወቱ ላይም ጽሑፍ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ወርቅ ነው። ሦስት መቶ።»

«ማን ላከው?»

«እሱ» አለች፤ በአገጯ ወደ ሐጂ ልጅ አመለከተች።

«ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅኩትም። ለግንቡ ሊጎድለኝ እንደሆነ ያያል።»

«ያያል» ያለችው ቃል ሌሊትና ቀን አብሮኝ ዋለ። በእኛ አገር ከወንድ ቤት ወደ ሴት ቤት የሚሄድ ወርቅ ስም አለው፤ ጥሎሽ ይባላል። ሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፣ ምስክር ያየዋል። ሳይጠየቅ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ በእሑድ ከሰዓት በዝግ ክፍል ውስጥ የሚላክ ወርቅ ምን ይባላል? ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ወርቁ ሥዕል ነው፤ የላከው እጅ ግን ሥዕል አልነበረም። እሱ ሙስሊም ነው፣ እሷ ክርስቲያን ናት። ሐጂና እኔ ሃያ ዓመት በበዓል ስንጠራራ፣ በሐዘን ስንደራረስ የኖርነው ይህን ድንበር ማናችንም ስላልገፋነው ነው። ድንበሩ ቢገፋ ጉርብትናውም፣ ክፍሉም፣ የልጄም እንጀራ አብሮ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

አባት የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ፍርሃት ሲይዘው ልጁን ጠርቶ ይጠይቃል። እኔ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትዋሸኛለች ብዬ አስቀድሜ ፈርጄ ነበር። ይልቁንስ መምህሩ የጠገንኩለትን ሬዲዮ ሊወስድ ሱቄ ሲመጣ አስቀመጥኩት።

«እሑድ እሑድ እዚያ ትውላለህ» አልኩት።

«ፈተና እጽፋለሁ ጋሼ።»

«ዓይንህና ጆሮህ ግን ሥራ ፈት ነው። የሚሉትንና የሚያደርጉትን በወረቀት ጻፍልኝ። ማን ለማን ምን እንደሚልክ፣ በስንት ሰዓት እንደሚልክ።»

«ጨዋታውን ማለትዎ ነው?»

«ሁሉንም።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። የጥገናውን ዋጋ አልተቀበልኩትም፤ እሱም ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ያወቀ መሰለኝ።

የሂሳብ መምህር ሲጽፍ ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣልኝ ወረቀት በማስመሪያ ተሰምሮ፣ ደቂቃው በአንድ ረድፍ፣ የሠሪው ሰው በሌላ ረድፍ፣ የተደረገው ነገር በሦስተኛው ተሞልቷል። በሰባተኛው ደቂቃ ልጅቷ በሰሜን በኩል ግንብ ጀመረች። በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ነጋዴው ገበያ አቆመ። በዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ሦስት መቶ ወርቅ ለልጅቷ ላከ። በዐሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ልጅቷ የደቡቡን ግንብ ዘጋች። ዲያቆኑ መነኮሳቱን ከገበያው ጀርባ አቆመ፤ ጠባቂ የላቸውም። ከታች ደግሞ የተባለው ቃል በቃል ተጽፏል። «ድንጋይ አለህ?» «ትንሽ ቆይ።» «ቶሎ በል፣ መጡ።»

ከሬዲዮዎቹ ጀርባ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። አንዲት የፍቅር ቃል አጣሁበት። ይህ ሊያሳርፈኝ ሲገባ ይልቁን አሳከከኝ። እንዲህ ተጠንቅቀው የሚነጋገሩት የሚደብቁት ቢኖር ነው አልኩ። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድም ወረቀት መጣ። የወርቁ ረድፍ በየሳምንቱ አለ፤ ከዐሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ዝንፍ አይልም። ሰዓቱን ተቃጥረውበታል አልኩ።

ጥርጣሬ የለመደ ዓይን ያልነበረ ነገር ያያል። አንድ ቀን የልጄ ነጠላ አዲስ መሰለኝ። ከየት እንዳመጣችው ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«እኔ ነኝ የገዛሁላት» አለች። «ሁለት ዓመቱ ነው። ገና ዛሬ አየኸው?»

በስድስተኛው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ ወደ ክፍሉ ስገባ ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው። በአራተኛው ቦታ ላይ በአቧራ የተከበበ ባዶ ጠረጴዛ ይታያል።

«አራተኛው የት ሄደ?» አልኳት ልጄን።

«ለጥገና።»

«ለጥገና? የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?»

ውሸት አትችልበትም፤ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው። «አዘዞ ነው» አለች፣ ከዚያም ሁሉንም ነገረችኝ።

አዘዞ ውስጥ ሌላ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለ። እዚያም ይህንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ ሦስት ወጣቶች አሉ። ጎንደርና አዘዞ ይጋጠሙ ተባለ። እነዚያ አምስት ኮምፒውተር አላቸው፤ ለስድስት ሰው ስድስት ያስፈልጋል። የእኛዎቹ አንዱን በጋቢ ጠቅልለው፣ የሐጂ ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦት፣ በሚኒባስ ወደ አዘዞ ወሰዱት። ውርርዱም በዚያው ነበር። የተሸነፈ ወገን አንድ ኮምፒውተር ይሰጣል። ተሸነፉ። እሑድ ማታ የተመለሰው ጋቢው ብቻ ነው።

ቁማር ነው የተጫወቱት፤ ሌላ ስም የለውም። የእነሱ ባልሆነ እቃ ተወራረዱ። የተናደድኩት ግን በቁማሩ ብቻ አልነበረም። ሠልጣኞቻችን የሚመዘገቡት አራት አራት ሆነው ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ብለን ነው ገንዘብ የተቀበልናቸው። በሦስት ኮምፒውተር ቡድኑ ይፈርሳል። ቡድኑ ከፈረሰ ልጄ እንደገና ቤት መዋሏ ነው።

ሐጂ ተጠርተው ከልጃቸው ጋር መጡ። ባዶውን ጠረጴዛ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«እንግዲህ ወርቅ ሲቆፍሩ ከርመው እቃ አስረከቡ» አሉ። ልጃቸውንም ዞር ብለው አዩት።

«አልተሸነፍንም አባ» አለ ልጁ። «ተሸጥን። ገና ሳንጀምር ሁሉን ያውቁ ነበር። ገበያዬን የት እንደማቆም፣ መነኮሳቱ የት እንደሚቆሙ፣ ሁሉን። ከእኛ መካከል የነገራቸው ሰው አለ።»

ያን ጊዜ ነው አውጫጭኝ ይደረግ ያልኩት።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን የምርመራ ሥርዓት ነው። በወገራ በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አድራጊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም ያየውን ይናገራል፣ ሁሉም ይምላል። ካልተገኘ የጠፋውን አገሬው እኩል ይከፍላል። እኔ በልጅነቴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌባው ተገኝቷል።

«ለበሬ ነው እንጂ ለጨዋታ አውጫጭኝ ተጠርቶ ያውቃል?» አሉ ሐጂ።

«የጠፋው ጨዋታ አይደለም ሐጂ። ኮምፒውተር ነው።»

«በል እሺ። ግን ለሶላት በሩን ትከፍትልኛለህ።»

በዚህ ላይ የደበቅሁትን ልጻፍ። ሻጩን ማግኘት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ ግን የሐጂን ልጅ በመሐላ ፊት አቁሜ ስለ ወርቁ መጠየቅ ፈልጌ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሐጂ መጋዘን ውስጥ፣ በታሰረ ጨርቅ ላይ ተቀመጥን። አምስት ነበርን። መምህሩን አልጠራሁትም፤ ተጫዋች አይደለም ብዬ ነው። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሥርዓቱን አስረዳሁ፤ እስከ መጨረሻው ሰው ሁሉም እንደሚናገር፣ ሁሉም እንደሚምል። አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በመጀመሪያ ዲያቆኑን ያዝኩ፤ ድሀ ስለነበር ነው፣ ይህም አሁን ያሳፍረኛል።

«ባለፈው ወር አዘዞ ታይተሃል። ምን ትሠራ ነበር?»

«የንግሥ በዓል ነበር። ከበሮ እመታ ነበር።»

«ምስክር አለህ?»

«እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከፊቴ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ልጃቸው ዞርኩ። አዘዞ ከማን ጋር እንደሚነግድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ጠየቅሁት። መለሰ፤ መልሱ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያም ያንን ጥያቄ አወጣሁት።

«ወርቅ የምትልክላት ለምንድን ነው?»

«ለማን?» አሉ ሐጂ።

«ለግንቡ ነው» አለ ልጁ ግራ ገብቶት። «ግንቡ ካልተዘጋ ሦስታችንም እናልቃለን። ለዲያቆኑም እልካለሁ።»

«ለእኔ ያነሰ ነው የሚልከው። ይህ ይታወቅልኝ» አለ ዲያቆኑ።

ልጄ አልሳቀችም። እኔን ታየኝ ነበር። ከጥያቄዬ አንድ ነገር ማሽተት ጀምራለች። ተራዋ ሲደርስ ወደ ግጥሚያው ተመለሰች፤ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ግንቡን ሁልጊዜ በሰሜን ነው የምጀምረው። ደቡቡ ወርቅ እስኪደርሰኝ ክፍት ነው። በዐሥራ ስምንተኛው ደቂቃ እዘጋዋለሁ። እነሱ በዐሥራ ሰባተኛው ደቂቃ በደቡብ ገቡ። ሌላ ቦታ አልሞከሩም። በሰሜን አንድ ሰላይ እንኳ አልላኩም። ቀጥ ብለው መጡ፣ መነኮሳቱን ገደሉ፣ ገበያውን አቃጠሉ።»

«ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ነው እንዴ?» አለ የሐጂ ልጅ። «እኔ ሰዓቱን ቆጥሬው አላውቅም።»

«እኔም ከግጥሚያው በፊት አላውቀውም ነበር» አለች። «በእጄ ልምድ ነው የምሠራው። ሲያሸንፉን እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ዐሥራ ስምንት ነው ሰዓትሽ ብለው ሳቁብኝ። ተቀምጦ የቆጠረልኝ ሰው አለ።»

ቁጥሩን አወቅሁት። አምስት ጊዜ በአምስት ወረቀት ላይ፣ በማስመሪያ በተሰመረ ረድፍ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ወረቀቶቹ በሥራ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።

በዚያች ደቂቃ ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። «መሐላ እንቀጥል» አልኩ። ምናልባት ሌላ ሰው ያደረገው ይሆናል ብዬ፣ ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ መማል ያቅተው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ልጄ በዳዊት ማለች። ዲያቆኑ ማለ። የሐጂ ልጅ በቁርዓን ማለ። ሐጂም ማሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም።

«አንተስ?» አሉኝ ሐጂ።

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ።»

«በእናንተ አገር ሰብሳቢ አይምልም?»

ይምላል። ጧት ሥርዓቱን ሳስረዳ እስከ መጨረሻው ሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ዳዊቱን ከዲያቆኑ እጅ ተቀበልኩ። በሕይወቴ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ በሐሰት ግን ምዬ አላውቅም። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኳቸው። መምህሩን እንዳስቀመጥኩት፣ እንዲጽፍ እንዳዘዝኩት፣ ለምን እንዳዘዝኩትም ጭምር። ለምን የሚለውን ብተወው ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። አልተውኩትም።

«አምስት እሑድ?» አለች ልጄ።

«አምስት።»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም።»

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ቁልፉን በመዳፏ አስቀመጥኩላት። ከፍታ ወጣች። ዲያቆኑ ዳዊቱን አንሥቶ ተከተላት።

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ እመርጥ ነበር። «ለዚህ ልጅ እንፍራንዝ ሴት ልጅ አይተንለታል» አሉኝ። «ለሽምግልና ከሚሄዱት ሰዎች አንዱ አንተ ነበርክ። የአንተ ጾም እስኪፈታ ነው ሳልነግርህ የቆየሁት፤ እዚያ ሄደህ ሳትበላ እንዳትመለስ።» ከዚያ ለሶላት ተነሡ።

በማግስቱ አዘዞ ወርጄ መምህሩን አገኘሁት። ሊሸሸኝ አልሞከረም።

«እርስዎ ጻፍ አሉኝ እንጂ ደብቅ አላሉኝም» አለ። «ቤታችን ውስጥ ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ወንድሜ አነበበው።»

ማሠልጠኛው የወንድሙ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። የወንድሙን የመብራት ኃይል ማረጋጊያ፣ ስታብላይዘሩን፣ በዚያው ዓመት የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ አምስቱን ኮምፒውተሮችም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ግን የምጠረጥረው ሌላ ነበር። ሰው ሙሉ ጥርጣሬውን በአንድ በር ላይ ካቆመ ሌላው በር ክፍት ይቀራል።

ወንድሙ ኮምፒውተሩን አልመልስም አለ። ውርርድ ውርርድ ነው አለ። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ «ግንብ የምትሠራዋ የእርስዎ ልጅ ናት?» አለኝ። «ናት» አልኩት። «ዐሥራ ስምንቱን ባናውቅ ኖሮ አንገባም ነበር» አለ፤ እንደሚያደንቅ ሰው ነበር የተናገረው።

በአውጫጭኝ ሕግ አድራጊው ከተገኘ የሚከፍለው እሱ ብቻ ነው። ለሐጂ ይህን ብዬ ለአዲስ ኮምፒውተር የሚሆነውን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር እኔ እችላለሁ አልኳቸው። አልተቀበሉም። «የተወራረዱት ልጆች ናቸው። ሰላይ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። እሑድ እሑድ ሳቃቸውን እየሰማሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ለአምስት ይካፈል» አሉ። ሰባት መቶ ሃያ ደረሰን። ልጄ ያላት ቁጠባ ይህን ያህል ነበር፤ ባዶ አደረገችው። ዲያቆኑ እስከ ፋሲካ ድረስ የተዝካር መጥሪያ እየጻፈ በየሳምንቱ ከፈለ። ልተውልህ ስለው «በእኩል ነው የተባለው» አለኝ።

አራተኛው ኮምፒውተር ተገዝቶ በጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ሳምንት ሐጂ ሽርክናው እንዲያበቃ ጠየቁ። በጨዋነት ነው የጠየቁት፤ ሁለቱን ወሰዱ፣ ሁለቱን ተዉልኝ፣ ክፍሉን እስከ ሰኔ ተጠቀሙበት አሉ። በሁለት ኮምፒውተር አራት ሰው ማሠልጠን አይቻልም። ሥልጠናቸውን ያልጨረሱት ስድስት ሠልጣኞች የከፈሉት ተመለሰላቸው። ያ የፈራሁት ነገር፣ ልጄ ቤት የመዋሏ ነገር፣ እኔው በእጄ አመጣሁት።

ቤት ግን አልዋለችም። የአዘዞው ሰው አስተማሪ አድርጎ ቀጠራት። ጧት ጧት ከበራችን ላይ ሚኒባስ ትይዛለች። መምህሩ በአንደኛው ክፍል ፈተናውን ይጽፋል፣ እሷ በሌላው ታስተምራለች፣ እሑድም ይጫወታሉ ይባላል። ያሸነፋቸው እንደሌለም ሰምቻለሁ። እንደምሰማው እንጂ እንደማውቀው አልጽፍም፤ ሰው ልኬ አላጣራሁም።

ስለ ነገሩ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጫማዋን ስታስር ነበር።

«አባባ፣ መጠየቅ ትችል ነበር» አለች።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

«የምነግርህ ነገር አልነበረም።»

ልጆቼን ሁሉ ቁማር እንዳይነኩ መክሬ አሳድጌያለሁ፤ አሁንም ምክሬን አልለውጥም። ግን ያ ውርርድ የወሰደው አንድ ኮምፒውተር ነው። የቀረውን ሁሉ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐጂ ለሽምግልና እንፍራንዝ ሲሄዱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ይዘው ሄዱ። ሠርጉ ላይ ተጠርቻለሁ፤ ከጎረቤቶች ጋር ነበር የተቀመጥኩት።

ሂሳቡን ልዝጋ። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፤ ለስድስቱ ሠልጣኞች የተመለሰው ለእያንዳንዱ መቶ አርባ፣ ስምንት መቶ አርባ፤ አራቱን ኮምፒውተሮች ያገናኝ የነበረው ሽቦና ሳጥኑ፣ ገዢ ጠፍቶ የቀረው፣ አራት መቶ ስልሳ። በጠቅላላው ሁላችንንም ያስከፈለን አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ነው።